ጂብሊ ያን ያህል ነው እንዴ?

ነገሩን የጀመረው የወንድሜ የሠርግ ፎቶ ነው። መጋቢት 2017 ላይ፣ ቻትጂፒቲ ፎቶን ወደ ካርቱን መቀየር የጀመረ ሰሞን፣ ታስታውሱ እንደሆነ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በአንድ ሌሊት ጃፓን ሆኖ አደረ። ካባ የደረበ ሙሽራ፣ የምርቃት ጋውን፣ የክርስትና ልጅ፣ በሕይወት የሌሉ አያቶች ሳይቀሩ፣ ሁሉም ጉንጫቸው ቀላ፣ ዓይናቸው ገዘፍ ብሎ፣ ከኋላቸው አረንጓዴ መስክና ነጭ ደመና ተዘርግቶላቸው ብቅ አሉ። ወንድሜም የሠርጉን ፎቶ አስቀይሮ ለጠፈ። ከሥሩ «ጂብሊ ስታይል» ይላል፤ ጂብሊ የጃፓን የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ነው።

«የትኛውን ፊልማቸውን አይተህ ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ፊልም አላቸው እንዴ?» አለኝ።

ስቄ አለፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን እኔም ያየሁት ሁለቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ድሮ፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት፣ ግማሹን ተኝቼ። ሰዉ ሁሉ «ማስተርፒስ» ሲል አብሬ ማስተርፒስ ስል ኖሬያለሁ ማለት ነው። አፈርኩ። ስለዚህ ክረምቱን፣ ውጪው ዝናብ ስለሆነና ለመውጣትም ስለማይመች፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተራ በተራ ላያቸው ወሰንኩ። መብራት ሲሄድ እያቋረጥኩ፣ ሲመጣ እየቀጠልኩ ጨረስኳቸው። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ጊዜውን የከፈለ ተመልካች አስተያየት ነው ይሄ።

ለማያውቃቸው ባጭሩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ስቱዲዮ ጂብሊ 1985 ላይ ቶኪዮ ውስጥ ተቋቋመ። ዋናዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ሀያኦ ሚያዛኪ ነው። ሁለተኛው በዕድሜም በሥራም የሚቀድመው ኢሳኦ ታካሃታ ነው፤ የሚገርመው ይህ ሰው የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሆኖ ራሱ ሥዕል አይሥልም። ሦስተኛው ፕሮዲውሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ነው፤ ገንዘቡንም፣ ሁለቱን ግትር ሰዎችም የሚያስተዳድር። ሽልማት ካላችሁ ሞልቷል። ስፒሪትድ አዌይ 2002 ላይ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተጋርቶ፣ በዓመቱ ደግሞ ኦስካር ወሰደ። ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን 2024 ላይ ሁለተኛውን ኦስካር አመጣ። በዚያው ዓመት የካን ፊልም ፌስቲቫል የክብር ፓልም ዶር ሽልማቱን ለስቱዲዮው ሰጠ፤ ከዚያ በፊት ለግለሰብ እንጂ ለቡድን ሰጥቶ አያውቅም።

መልሴን አላዘገይባችሁም። ዝናው ይገባቸዋል። ሰዉ የሚያወድሳቸው ግን በማይሆን በኩል ነው።

ምን ይባላል? «ያረጋጋል»፣ «ነፍስ ያሳርፋል»፣ «እንደ ትኩስ ሻይ ነው»። ዩቲዩብ ላይ የፊልሞቹን ሙዚቃ ለጥናትና ለእንቅልፍ ብለው ለሰዓታት ያጫውቱታል። ሙዚቃው በእርግጥ ግሩም ነው፤ የሚያዛኪን ፊልሞች የሚያቀናብረው ጆ ሂሳይሺ ፒያኖውን ሲነካ እኔም እፈዛለሁ። ግን ፊልሞቹን ስታዩአቸው ውስጣቸው ያለው ረሀብ ነው። ጦርነት ነው። ሆስፒታል የተኛች እናት ነች። የአሥር ዓመት ልጅ ወለል ስትወለውል ነው። እኔ የሚያረጋጋ ነገር ፈልጌ ቁጭ ብዬ በሦስተኛው ሳምንት እያለቀስኩ ነበር፤ ሻይ የሚሉት ሰዎች ምን ዓይነት ሻይ እንደሚጠጡ እንጃ።

እስቲ ከሚያዛኪው ቶቶሮ ልጀምር፤ በጣም «ሻይ» የሚመስለው እሱ ስለሆነ። ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ይገባሉ። እናትየዋ ታማ ሆስፒታል ናት። ቤቱ አጠገብ ግዙፍ ዛፍ አለ፣ በዛፉ ውስጥ ደግሞ ቶቶሮ የሚባል ወፍራም ፀጉራም ፍጡር ይኖራል። በቃ። ታሪኩ ይኸው ነው። የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር ያየሁት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እና በየአሥር ደቂቃው «ጭራቁ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። እኛ ያደግንበት ተረት አያ ጅቦ ያለበት ነዋ። ክፉው ይመጣል፣ እመት ጦጢት ታታልለዋለች፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። እዚህ ፊልም ውስጥ ጅብ የለም። የሚያስፈራው ነገር እናትየው ላትድን መቻሏ ነው፤ እሱንም ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ሚያዛኪ ልጅ ሳለ እናቱ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ዓመታት ተኝታለች፤ ያንን ካወቃችሁ በኋላ የትልቋን ልጅ ፊት አይታችሁ አትጠግቡም። ቤት ታጸዳለች፣ ምሳ ትቋጥራለች፣ ታናሿን ታባብላለች፣ እና አንድ ቦታ ላይ ድንገት እንደ ልጅ ትንሰቀሰቃለች።

ቶቶሮን ፈረንጆቹ «የጫካ መንፈስ» እያሉ ሲያብራሩ ይቸገራሉ። እኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። አድባር ነው። ዛፉ ላይ ገመድ ታስሯል፣ ሥሩ ትንሽ መቅደስ አለ፣ አባትየው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ምሁር ሰው ሆኖ ልጆቹን ይዞ ዛፉ ፊት ይቆምና እጅ ነሥቶ ያመሰግናል። ቅቤ የተቀባ ዋርካ አይቶ ያደገ ሰው ይህችን ትዕይንት ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፤ ማመንና አለማመን አይደለም ጉዳዩ፣ ከአንተ በፊት እዚያ የነበረን ነገር ማክበር ነው።

ከዚያ ደግሞ ፌርማታው አለ። ማታ ነው፣ ይዘንባል፣ አባት ጃንጥላ ረስቶ ስለሄደ ልጆቹ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይጠብቁታል። አውቶቡሱ ይዘገያል። ትንሿ እህቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ምንም አይሆንም። ዝናቡ ብቻ ይዘንባል። ከዚያ አጠገባቸው አንድ ነገር መጥቶ ይቆማል፣ ልጅቷ ከጃንጥላው ሥር ቀና ብላ ታየዋለች፤ ቶቶሮ ነው፣ ራሱ ላይ ቅጠል ደፍቶ እሱም አውቶቡስ ይጠብቃል። የአባቷን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ጠብታ ከላይ ጃንጥላው ላይ ጠብ ሲል ድምፁ ያስደስተዋል። ሌላ ጠብታ ይጠብቃል። ሌላ። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስለ ጭራቁ መጠየቋን ተወች። እኔም ስልኬን አስቀመጥኩ። ስንት ብር የፈሰሰበት ፊልም ፍንዳታ ቢያፈነዳብኝም ስልኬን አላስጣለኝም፣ ይሄ በዝናብ ጠብታ አስጣለኝ።

አሁን ይህንን ስሙኝ። ቶቶሮ 1988 ሚያዝያ ውስጥ ሲወጣ ብቻውን አልነበረም። በአንድ ትኬት፣ ከታካሃታው ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ ጋር ነው የታየው። አስቡት፤ ልጅህን ቶቶሮ ልታሳይ ወስደህ ከእሱ ጋር ደግሞ ሁለት ሕፃናት በረሀብ ሲሞቱ ታያለህ። ያኔ ሲኒማ ቤት ብዙም ገቢ አላስገባም፤ ቶቶሮ የታወቀው በኋላ በቴሌቪዥንና በአሻንጉሊቱ ነው። እኔ ግን የስቱዲዮው እውነተኛ መልክ ያ ጥንድ ትኬት ነው እላለሁ። አንዱን ብቻ ወስዶ «የሚያረጋጋ» ማለት አይቻልም።

ግሬቭን ከእማዬ ጋር አየሁት። ስህተት ነበር፣ ወይም አልነበረም፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ቆቤ ከተማ በ1945 በእሳት ቦምብ ስትነድ እናታቸውን ያጡ የ14 ዓመት ልጅና የ4 ዓመት እህቱ ናቸው። ፊልሙ ሲጀምር ልጁ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ወለል ላይ ይሞታል፤ መጨረሻውን መጀመሪያ ይነግሯችኋል። ከዚያ ወደኋላ ተመልሰን እንዴት እዚያ እንደደረሰ እናያለን። ልጆቹ አክስት ቤት ይጠጋሉ። አክስትየዋ ምግብ መቁጠር፣ ነገር መወርወር ትጀምራለች። ልጁ አልችል ይልና እህቱን ይዞ ወጥቶ ሐይቅ ዳር ዋሻ ውስጥ መኖር ይጀምራል። አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አለቻቸው። ከረሜላው ሲያልቅ ውሃ አድርገው በጥብጠው ይጠጡታል። የቀረውን አልነግራችሁም።

እማዬ ሰባ ሰባትን ወሎ ሆና ያየች ሰው ናት። ስለዚያ ዓመት አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም። ፊልሙን ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየች። እኔ ዓይኔን እየጠራረግኩ «ጦርነት እኮ…» ልል ስል «ያቺን ሕፃን የገደላት የልጁ ኩራት ነው» አለች። «የሰው ቤት ሲሆን ይቻላል። ምን ነበረበት ቢችለው?» ተናደድኩባት። እንዴት እንዲህ ትላለች ብዬ። በኋላ ሳነብ ግን ታካሃታ ራሱ «ይሄ ፀረ ጦርነት ፊልም ነው» ሲሉት አይደለም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር ኖሯል፤ እሱን ያስጨነቀው ልጁ ከሰው ተነጥሎ የራሱን ትንሽ ዓለም መሥራቱና ያ ዓለም አለመቆሙ ነው። ታካሃታ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ኦካያማ በቦምብ ስትነድ በእሳት መካከል ሮጦ የተረፈ ሰው ነው። ዓለም ሁሉ አልቅሶ የዘለለውን ነገር እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አገኘችው። እኔ በፊልም ሃያሲ ላይ ያለኝ እምነት ያን ቀን ትንሽ ቀነሰ።

ስፒሪትድ አዌይ ላይ ብዙ ስለተባለ አጠር ላድርገው፤ እስከ 2020 ድረስ በጃፓን የሲኒማ ታሪክ ከእሱ በላይ ገቢ ያስገባ ፊልም አልነበረም። ቺሂሮ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ወላጆቿ የአማልክት ምግብ በልተው አሳማ ይሆኑባታል፣ እሷ ደግሞ አማልክት መጥተው በሚታጠቡበት ቤት ሥራ ትቀጠራለች። ፍል ውሃን አስቡት፣ እንግዶቹ ግን ቆሌዎች የሆኑበት። ባለቤቲቱ ዩባባ ውሉን ስታስፈርማት ስሟን ትወስድባታለች፤ ከዛሬ ጀምሮ «ሴን» ነሽ ትላታለች። ስምሽን ከረሳሽ ወደ ቤትሽ መመለሻ የለሽም። እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። የአክስቴ ልጅ ቤሩት ስትሄድ ፓስፖርቷ ላይ የነበረው ስም የእሷ አልነበረም። እዚያ ደግሞ እመቤትየዋ ሌላ ሦስተኛ ስም አወጣችላት። ስትደውልልን በድሮ ስሟ ስንጠራት ትንሽ ዝም ትል ነበር። ሚያዛኪ ይህንን አስቦ እንዳልሠራው አውቃለሁ። ግን አንዲት ልጅ ባሕር ማዶ ባለ ቤት ውስጥ ወለል እየወለወለች ስሟን ላለመርሳት ስትታገል ያየ ኢትዮጵያዊ «ፋንታሲ ነው» ብሎ አያልፈውም።

ሀኩ የሚባለው ልጅ በእጁ የተድቦለቦለ ሩዝ የሚሰጣት ቦታም አለ። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። አንዴ ስትጎርስ እንባዋ እንደ ወይን ፍሬ እየገዘፈ ይወርዳል። ጉርሻ ሰውን እንዴት እንደሚያስለቅስ ለእኛ ማን ያስረዳናል። የቆሸሸው የወንዝ አምላክም ትዝ ይለኛል፤ ገምቶ፣ ጭቃ ሆኖ ይመጣና ከጎኑ ብስክሌት፣ ቆሻሻ፣ ዝባዝንኬ ተጎትቶ ሲወጣለት ይነጻል። ሚያዛኪ በሰፈሩ ወንዝ ሲያጸዱ ብስክሌት ጎትተው ያወጡበትን ቀን ነው እዚያ ያስገባው። እኔ በቀበና ድልድይ በየቀኑ አፍንጫዬን ይዤ ነው የማልፈው፤ ያንን ወንዝ ማን ያጥበው ይሆን አልኩ።

ነቀፌታዬን ሳልረሳ፣ መጨረሻው ቀሎብኛል። ቺሂሮ የመጨረሻውን ፈተና «እንዲሁ አውቃለሁ» ብላ ነው የምታልፈው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሥራ ያሳደጋትን ልጅ መጨረሻ ላይ በስሜት አሳለፋት። የባቡሩ ጉዞ፣ ውሃ ላይ፣ ማንም የማያወራበት፣ እሱ ነው ለእኔ የፊልሙ ማብቂያ።

ፕሪንሰስ ሞኖኖኬን (1997) ደግሞ ለታዳጊ ወንድሞቻችሁ አሳዩልኝ። ጫካ የምትጨፈጭፍ፣ ብረት የምታቀልጥ፣ ጠመንጃ የምታሠራ ኤቦሺ የምትባል ሴት አለች። ክፉ ናት ብላችሁ ስታበቁ ከተማዋን ያሳዩአችኋል፤ ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገዝታ ያወጣቻቸው ሴቶች ወናፉን እየረገጡ ይስቃሉ፣ ማንም የማይነካቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁስላቸውን በእጇ ታጥባለች። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ስንሸሽ ለኖርን ለእኛ ይህች ከተማ ቀልድ አይደለችም። የተጣለ ሰው ሁሉ የሚኖርባት ከተማ፣ ጫካውን ደግሞ የምትገድለው እሷ። የቱን ትመርጣለህ? ፊልሙ አይመርጥልህም። 144,000 ገደማ ሥዕል እንደፈጀ፣ ከዚያ ውስጥ 80,000 ያህሉን ሚያዛኪ በእጁ እንዳረመ ይነገራል። እጁን ምን እንዳደረገው እሱ ይወቅ።

እስካሁን አሞገስኩ። አሁን ወደማይገባቸው እንሂድ።

ሀውልስ ሙቪንግ ካስል። ልጆቹ ሁሉ የሚወዱት፣ ቲክቶክ ላይ ሰው ሁሉ የሚሞትለት። የመጀመሪያው ሰዓት ድንቅ ነው፤ ልጅቷ በእርግማን የዘጠና ዓመት አሮጊት ሆና «ደህና፣ አሁን ቢያንስ ልብሴ ይስማማኛል» ዓይነት መንፈስ ይዛ ጉዞ ትጀምራለች፤ ጠንቋዩ ሀውል እንቁላል ሲጠብስ ደግሞ እምላችኋለሁ ሽታው ቤቴ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ፣ በሩ የት እንደሚከፍት፣ እርግማኑ መቼ እንደለቀቃት ጠፋብኝ። ደግሜ አየሁት። ደግሞ ጠፋብኝ። መጨረሻ ላይ በአንድ መሳም ማስፈራርቾ መስሎ የቆመው ልዑል ሰው ሆኖ ጦርነቱን ሊያስቆም ይሄዳል። እኛ ጦርነት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እንዲህ ቢቆምማ ማን ይጠላ ነበር።

ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲን (2006) እለፉት። የሚያዛኪ ልጅ ጎሮ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ይከብዳል፣ ይጎተታል። ኧርዊግ ኤንድ ዘ ዊች (2020) ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያቸው ነው፤ ፀጉሩ ፕላስቲክ፣ ፊቱ ፕላስቲክ፣ ታሪኩ ደግሞ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ እንደተቋረጠበት ያልቃል። በእኔ ሰፈር ስለሆነ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሌላ ስቱዲዮ ቢሠራው ኖሮ ስሙንም አንሰማውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ «ጂብሊ» የሚለው ማኅተም ካረፈበት ሰዉ ለመጥላት ይፈራል።

በተቃራኒው ደግሞ ማኅተሙ የደበቀው ሰው አለ። ታካሃታ። ጂብሊ ሲባል ሁሉም ሚያዛኪ ይላል። ኦንሊ የስተርደይ (1991) ላይ አንድ ቤተሰብ በሕይወቱ የመጀመሪያውን አናናስ ገዝቶ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ አጣርቶ፣ ዙሪያውን ተቀምጦ ሲቀምሰውና እንደጠበቀው ሳይሆንለት ሲቀር ያለው ትዕይንት፣ በዚህ ክረምት በጣም ያሳቀኝ ነገር ነው። የመጨረሻ ፊልሙ ዘ ቴል ኦፍ ዘ ፕሪንሰስ ካጉያ (2013) ስምንት ዓመት ፈጅቶ ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም። በከሰልና በውሃ ቀለም የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ሥዕሉ አንዳንዴ ዳር ዳሩ ያላለቀ ነው። ልጅቷ ከግብዣ አምልጣ ስትሮጥ ግን ሥዕሉ ራሱ ይበጣጠሳል፣ መስመሩ ሰው መሆኑ ይቀርና ንዴት ይሆናል። ሰው በእርሳስ እንዲህ ሲጮህ አይቼ አላውቅም። ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ታካሃታ 2018 ላይ አረፈ።

አሁን ለብቻው ላወራው ወደምፈልገው ፊልም መጣሁ። ዘ ዊንድ ራይዝስ፣ 2013።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ጂብሊ የነፋስ ስም ነው፤ ከሰሃራ ተነሥቶ ሊቢያን የሚያቃጥለው ደረቅ ነፋስ። ጣሊያኖች ሊቢያን በቅኝ ሲገዙ ከካፕሮኒ ፋብሪካ አውሮፕላኖች አንዱን በዚህ ነፋስ ስም ጠሩት፣ አውሮፕላን ሲያይ ልጅ የሚሆነው ሚያዛኪ ደግሞ ለስቱዲዮው ወሰደው። (በትክክሉ ጊብሊ ነው የሚባለው፤ ጃፓኖቹ ጂ ብለው አነበቡት፣ በዚያው ቀረ።) ካፕሮኒ የሚለውን ስም ስሰማ ተቀምጬ ነበር፣ ቀና አልኩ። የካፕሮኒ ቦምብ ጣዮች፣ ካ 133 የሚባለው ጭምር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928ቱ ወረራ በሰማያችን ላይ የነበሩት ናቸው። ያ ጦርነት መርዝ ከአውሮፕላን የዘነበበት ጦርነት ነው።

ፊልሙ የጃፓኑን ዜሮ ተዋጊ አውሮፕላን የነደፈውን የጂሮ ሆሪኮሺን ሕይወት ይዞ የተሠራ ነው። ጂሮ በሕልሙ የእነዚያን አውሮፕላኖች ነዳፊ ካፕሮኒን ያገኘዋል። ካፕሮኒ ሪዙን የጠቀለለ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። አውሮፕላኑ ክንፍ ላይ አብረው ይሄዳሉ። አውሮፕላን ውብ ሕልም ነው፣ ግን የተረገመ ሕልም ነው ይባባላሉ። የቦምቡን ነገር ሰውየው አይክድም። ግን ቦምቡ የወደቀበት ሰው አንድም ጊዜ ወደ ካሜራው አይመጣም፤ በእኛም፣ በቻይናም ሰማይ ሥር የነበረው ሰው የለም። ሚያዛኪ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። የአባቱ ፋብሪካ ለዜሮ አውሮፕላን ክፍል ይሠራ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ነው ያደገው። የሚወደውን ነገር የሠራው እጅ ደም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ፊልም ነው። ውበቱ አያከራክርም፤ በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝቡ የሚተራመስበት አራት ሰከንድ ብቻ የምትቆይ ትዕይንት አለች፣ አንድ ሠዓሊ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሠርቶባታል። ግን ካፕሮኒ ባርኔጣውን አውልቆ በሳቀ ቁጥር እኔ አልሳቅኩም። ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም። ይልቅ ፖርኮ ሮሶን (1992) እዩ፤ እዚያም ጣሊያን ነው፣ እዚያም አውሮፕላን ነው፣ አብራሪው ግን ለፋሺስቶች ከመብረር አሳማ ሆኖ መኖርን የመረጠ ነው። ለጃፓን አየር መንገድ ተሳፋሪዎች ማሳለፊያ ተብሎ የተጀመረ ቀላል ፊልም፣ ከከባዱ ይልቅ ደፋር ሆኖ አገኘሁት።

ያቺን አራት ሰከንድ ሳስብ የወንድሜ ፎቶ ትዝ ይለኛል። እሱ አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። ያን ሰሞን አንድ ቪዲዮ ይዘዋወር ነበር፤ ሚያዛኪ «ይህ ሕይወትን መስደብ ነው» ሲል። ብዙዎች ስለ ፎቶ መቀየሩ የተናገረ አስመሰሉት። አይደለም፤ 2016 ላይ በወጣ የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ነው፣ በኮምፒውተር የተሠራ፣ በጭንቅላቱ እየተሳበ የሚሄድ አስፈሪ ምስል አሳይተውት፣ እሱ ደግሞ እጁን ማንሳት የሚቸግረው አካል ጉዳተኛ ጓደኛው ትዝ ብሎት ነው የተቆጣው። ለእኔ እንዲያውም ይኼኛው ይበልጣል። የሰውን እንቅስቃሴ ሲያይ ሰውየውን የሚያስብ ሠዓሊ ነው።

ይህ ሁሉ በነጻ አልመጣም ደግሞ። ተተኪ ይሆናል የተባለው ዮሺፉሚ ኮንዶ፣ ዊስፐር ኦፍ ዘ ሀርትን የሠራው፣ በ47 ዓመቱ 1998 ላይ ሞተ፤ ሥራው እንደጎዳው ብዙ ተብሏል። ሌላ ተተኪም አልወጣም፤ 2023 ላይ ስቱዲዮው በቴሌቪዥን ጣቢያው ኒፖን ቲቪ ሥር ገባ። ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮን ላይ ያለው ሽማግሌ ዓለሙን የሚረከበው ሰው ሲፈልግ አይቼ የማንን ታሪክ እንደሚያወራ ለመገመት አልተቸገርኩም። ፊልሙ ግን ግራ ያጋባል። ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹን ተከተልኩት።

ለማየት ለምታስቡ፣ ከ2020 ወዲህ ከአሜሪካና ከጃፓን ውጪ ላለው አብዛኛው ዓለም አብዛኞቹ ኔትፍሊክስ ላይ አሉ። አሜሪካ ያላችሁ ኤችቢኦ ማክስ ላይ ፈልጉ፤ የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሆኖ ኔትፍሊክስን ሲበረብር ከርሞ «ዋሸኸኝ» ብሎኛል። ጃፓንኛውን ከነጽሑፉ ብታዩ እመክራለሁ፣ ለልጆች ግን የእንግሊዝኛ ድምፁ ችግር የለውም። ትንንሾች ካሉ ቶቶሮና ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ። አሥር ዓመት ካለፋቸው ስፒሪትድ አዌይ። ሞኖኖኬ እጅ ሲቆረጥ፣ ራስ ሲበጠስ ያሳያል፣ ከአሥራ ሦስት በታች ላለ ልጅ አይሁን። ግሬቭን በማግሥቱ ሥራ በሌለበት ቀን እዩ፣ ከእናታችሁ ጋር ልታዩት ከሆነ ደግሞ አስቡበት።

ወንድሜ በመጨረሻ ተሸንፎ ባለፈው ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር ቶቶሮን ጀመረ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ እስካሁን እኮ ምንም አልሆነም!»

«ዝናቡን ጠብቅ» አልኩት።